አልጋው የት ነው?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች እዚህ መድረክ ላይ ስንወጣ ብዙዎቻችሁ መዋጮ ያልከፈሉትን ስም ልናነብ ነው ብላችሁ እንደምትሰጉ እናውቃለን። ዛሬ እሱ የለም። ዛሬ የምንናገረው ስለ አልጋ ነው።

ለመጪው የገና ባዛር ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ አምስት አባላት ተመርጠዋል። ከአምስቱ ሦስቱ በዚያ ከተማ አድረው አያውቁም። ሆስፒታል ደርሰው የተመለሱ አሉ፣ ለቅሶ ደርሰው በዚያው ቀን የመጡ አሉ። ሆቴል ገብቶ፣ ቁልፍ ተቀብሎ፣ ገንዘብ ከፍሎ ማደር ግን ለሦስቱም የመጀመሪያቸው ነው። የሚያድሩበትን የምንመርጠው እኛ ነን። ከዚህ በፊት በዚሁ ነገር ተሳስተናል፤ ስለዚህ ዛሬ በጀት ከመጠየቃችን በፊት ስሕተታችንን ሳንሸፋፍን ልንነግራችሁ ወደድን።

ነገሩ የ2015 ዓ.ም. የገና ባዛር ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰው ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። ታዲያ ማደር ለምን አስፈለገ የምትሉ ትኖራላችሁ። ባዛር ግን የቀን ገበያ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ከሥራ የሚወጣው 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ልጆቹን ይዞ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ባና፣ የሱፍ ምንጣፍና በሶ የሚሸጠው ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስድ መኪና የለም።

አራት አባላት ለስምንት ሌሊት ይሄዱ ነበር። እኛም እንደ ግዢ ሥርዓታችን በስልክ ሦስት ዋጋ ጠየቅን። አንዱ ለአንድ ክፍል 750 ብር፣ ሁለተኛው 600፣ ሦስተኛው 350 አሉን። ዝቅተኛውን ያዝን። ለብዕርና ለወረቀት የሚሠራው ደንብ ለአልጋም የሚሠራ መስሎን ነው። ባለ 350ው ፔንሲዮን ካራ ነበር፤ ከእኛ መንገድ ስንገባ ከተማዋ የምትጀምርበት ጫፍ ላይ። እንዲያውም አውቶቡሱ ላምበረት ሳይደርስ መንገድ ላይ መውረድ ይቻላል ብለን ደስ ብሎን ነበር። ባዛሩ ያለው መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ ኤግዚቢሽን ማዕከል መሆኑን እናውቃለን። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ሁለት ክፍል በ350 ብር ለስምንት ሌሊት 5,600 ብር ነው። የ600 ብሩ ስታዲየም አካባቢ ነበር፤ እሱ ቢሆን 9,600 ብር ይሆን ነበር። ስለዚህ 4,000 ብር አዳንን ብለን በሪፖርታችን ጻፍን። ያ ሪፖርት ዛሬም ፋይል ውስጥ አለ፤ ስናየው እናፍራለን።

ጠዋት ከካራ መገናኛ፣ ከመገናኛ መስቀል አደባባይ ሁለት ሚኒባስ ነው። በሰልፍ ተቁሞ፣ ተጋፍቶ፣ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ለዚህ 540 ብር ወጣ። ማታ ባዛሩ ሲዘጋ ወደ ካራ የሚሄድ ሚኒባስ ስለማይገኝ በየቀኑ የኮንትራት ታክሲ በ450 ብር ተያዘ፤ በስምንት ሌሊት 3,600 ብር። ድምሩ 4,140 ብር ነው። አዳንን ካልነው በ140 ብር ይበልጣል። በየጠዋቱ አርፍደው በመድረሳቸው ያለፈውን ሽያጭ አልቆጠርነውም፤ እሱን ማን ያውቀዋል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ፔንሲዮኑ የሰጠን ደረሰኝ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። የጉዞው ወጪ ከረጂ ገንዘብ የተያዘ ስለሆነ ኦዲተሩ የማኅበሩ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን ያለበት፣ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የወጣ ደረሰኝ አምጡ አለን። የለንም። 5,600 ብሩ ከረጂው ሒሳብ ተሰርዞ ከራሳችን መዋጮ ተተካ። ወዳጆቻችን፣ ይህን በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ «የተስተካከለ ወጪ» በሚል አንድ መስመር አይታችሁታል። መስመሩ ይህ ነበር።

ገንዘቡ ከሁሉ ያነሰው ጉዳት ነው። ያ ቤት አልጋውን በሰዓት የሚያከራይ ነበር። ምድር ቤቱ መጠጥ ቤት ነው። ሌሊት ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ የሰከረ ሰው በር ይደበድባል። የአንደኛው ክፍል በር ከውስጥ የሚቆለፍበት አልነበረውም፤ እህቶቻችን አልጋውን ገፍተው በሩ ላይ አስደግፈው ያድሩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዷ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። የባናዋን ነገር ለጓደኞቿ አደራ ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ባናዋን በሌላ ሰው እጅ ትልካለች እንጂ እሷ ባዛር ሄዳ አታውቅም። ያኔ ቢሮ መጥታ ስትነግረን እኛ የጠየቅናት የመጀመሪያ ነገር «የቀሩትን ሌሊቶች ክፍያ መልሰውልሻል ወይ?» የሚል ነበር። አልመለሱም፤ የስምንቱን ቀን አስቀድመን ከፍለን ነበርና። ግን ጥያቄው ያ አልነበረም። ይህን እዚህ ፊታችሁ የምንናገረው እሷ ፈቅዳልን ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፋሲካ ባዛር ሲደርስ ከሌላው ጫፍ ጀመርን። ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ሴቶቹ ቀኑን የሚውሉት የት ነው አልን። መስቀል አደባባይ። የሚገቡት በየት ነው? ላምበረት መናኸሪያ። እንግዲያው አልጋው ከመስቀል አደባባይ በእግር የሚደረስበት፣ ከላምበረት ደግሞ ብዙ መቀያየር የሌለበት መንገድ ላይ መሆን አለበት። ከመገናኛ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደው መንገድ ሃያ ሁለትን፣ ኡራኤልንና ባምቢስን ይዞ ይወርዳል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ከአያት ጦር ኃይሎች በዚሁ መስመር ነው የሚያልፈው። ባቡሩ ይጨናነቃል፣ በሥራ ላይ ያሉት ባቡሮችም እንደ መጀመሪያው ብዙ አይደሉም። ቢሆንም ለአዲስ ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሐዲዱን ተከትሎ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ከእህቶቻችን አንዷ «ሐዲዱ ካለ እኔ አለሁ» ትል ነበር።

በኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካሉት የውስጥ መንገዶች በአንዱ ሆቴል አገኘን። በስልክ 900 ብር አሉን። እኛም «ቫትና ሰርቪስ ገብቶበት ነው?» አልን። አልገባበትም። ይህን ሁሉም አባል ልብ ይበል፤ ብዙ ሆቴል የሚነግራችሁ ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ይጨመራል፤ 900 የነበረው 990 ይሆናል። ከዚያ በ990ው ላይ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል፤ 1,138 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። ቁጥሩን ሰምቶ ብር ቆጥሮ የሄደ ሰው መሄጃው ቀን ላይ ነው የሚደነግጠው። እኛ «ሁለት ክፍል ለስድስት ሌሊት እንይዛለን፣ ሁሉም ተካቶ 1,000 ይሁንልን» አልን። ትንሽ ተከራክረው ተስማሙ። ቅናሽ መጠየቅ ነውር የሚመስለው አለ፤ በተለይ እንደ ሆቴል ያለ ቦታ ሲገባ። ሆቴልም ሱቅ ነው፣ አልጋው ባዶ ካደረ ያን ሌሊት መልሶ አይሸጠውም።

ስለ ቁርስ እዚህ ላይ እናንሳ። «ቁርስን ይጨምራል» ሲባል ትርፍ ያገኘን ይመስለናል። የገና ባዛር በነቢያት ጾም፣ የፋሲካው በዐቢይ ጾም ነው። ብዙዎቹ እናቶቻችን ጠዋት አፋቸውን አይከፍቱም፤ የሆቴሉ ቁርስ ደግሞ እንቁላል ነው። ላልተበላ እንቁላል ስድስት ቀን ከምንከፍል «ያለ ቁርስ ስንት ነው?» ብለን ጠየቅን፤ ቀነሱልን፣ ከ1,000 ብሩ ውስጥ እሱም አለበት። ሙስሊም እህቶቻችን ለሚሄዱበት ክፍል ግን ቁርሱ እንዲቀር አላደረግንም።

ሆቴሉ «ቅርብ ነን» ሲላችሁ አትመኑ። ለእንግዳ ተቀባዩ ቅርብ ማለት በመኪና ነው። «ከመስቀል አደባባይ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» በሉ። ያንኑ ጥያቄ እዚያ አካባቢ ለሚሠራ ለሌላ ሰው ጠይቁ። ስልካችሁ ካርታ የሚያሳይ ከሆነ የእግር መንገዱን እዩ። በፎቶ የሚታየው ክፍል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አልጋ ላይ ፎጣ በአበባ ቅርጽ ተጠቅልሎ ይታያል፣ ደጁ ላይ ምን እንዳለ አይታይም። እኛ የአንድ አባላችን የእኅት ልጅ አዲስ አበባ ስለሚማር ሄዶ እንዲያይልን ለመንነው። በምሽት እንዲሄድ ነበር የላክነው፤ በቀን ሁሉም ሰፈር ሰላም ነው። መንገዱ መብራት አለው ወይ፣ ምድር ቤቱ መጠጥ ቤት ነው ወይ፣ በሰዓት የሚገባ የሚወጣ አለ ወይ፣ ዘበኛው የግቢውን በር ስንት ሰዓት ይዘጋል የሚለውን አይቶ ነገረን። የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው፤ ባዛር ያመሸች ሴት 3 ሰዓት ላይ ደርሳ የተዘጋ በር መደብደብ የለባትም።

ውኃም ይጠየቃል። አዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ «ውኃ አለ?» ብትሉ ሁሉም አለ ነው የሚለው። «ሮቶ አላችሁ ወይ? ስንት ክፍል ይጠቀምበታል?» በሉ። ሙቅ ውኃ አለመኖሩ እኛን የደብረ ብርሃን ሰዎች ብዙም አያስደነግጠንም።

በዚያ ጉዞ ጉድለት አልነበረም ማለት አይደለም። ከሄዱት አንዷ የነዋሪነት መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበት ኖሮ እንግዳ መቀበያው ላይ አላስገባም አሏት። የጓደኞቿ መታወቂያና ልመና ነው ያዳናት። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ቀድመን ማየት ነበረብን። ደግሞ የኡራኤል ቅዳሴ ከሌሊቱ ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። እንቅልፋቸው ቀላል የሆነው አጉረመረሙ፤ እናቶቻችን ግን ኪዳን ሳያመልጠን ሠራን ብለው ደስ አላቸው።

ሁለት ክፍል በ1,000 ብር ለስድስት ሌሊት 12,000 ብር ወጣ። የኮንትራት ታክሲ የተያዘው ዕቃ ባስገቡበትና ባወጡበት በሁለት ቀን ብቻ ነው። በሌላው ቀን ማታ አራቱም አብረው በዋናው መንገድ በእግር ሄዱ። ደረሰኙ ከማሽን የወጣ፣ ስማችንና ቁጥራችን ያለበት ነው፤ ኦዲተሩ አንዲት ቃል አልተናገረም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት ሽያጭ ለብቻው አስመዝግበን ነበር፤ ከቀኑ ሽያጭ ሲሶው የተገኘው በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ነው።

ከስብሰባው በፊት አንዳንድ እናቶች «ዘመድ እያለ ለአልጋ ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል?» ብለውናል። እውነት ነው፣ ብዙዎቻችን አዲስ አበባ ዘመድ አለን። ዘመዶቻችን ግን ዛሬ የሚኖሩት በብዛት ዳር ዳሩ ላይ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ነው፤ ጀሞ ያለ አለ፣ ኮዬ ፈጬ ያለ አለ። ከዚያ ማታ መመላለስ የካራውን ታሪክ መድገም ነው። ደግሞ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ልጆቹን ከአልጋ አስነስቶ የሚያስተኛ ዘመድ ለአንድ ሌሊት ደስ ይለዋል፤ ለስምንት ሌሊት፣ በየቀኑ በ3 ሰዓት በር ስናንኳኳ፣ ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል እንጂ ይከብደዋል። ዘመዱ መስቀል አደባባይ አጠገብ የሆነ፣ ቤቱም የሚበቃ ካለ ግን እሰየው፤ የውሎ አበሏን እንሰጣታለን፣ የአልጋውን እናስቀራለን።

ሌላው ነገር፣ የቆየ ምክር አትያዙ። ከዚህ በፊት ለባዛር የሄዱ ሰዎች «ፒያሳ ርካሽ አልጋ ሞልቷል» ይሏችኋል። ነበረ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙው ክፍል በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካሳንቺስ ተከተለ። እኛ ራሳችን በማስታወሻ ደብተራችን የያዝናቸው ሁለት ስልክ ቁጥሮች ዛሬ አይሠሩም። በአገራችን የመጀመሪያውን ሆቴል ያሠሩት እቴጌ ጣይቱ መሆናቸውን ታውቃላችሁ፤ ፒያሳ ነው ያለው፣ ስማቸውንም ይዟል። ሆቴል የሚባለው ነገር በዚህ አገር በሴት እጅ ነው የተጀመረው። ዛሬ እኛ ሴቶች ሆቴል ለመግባት መፍራታችን ይገርመናል።

አሁን ወደ በጀቱ እንምጣ። ዘንድሮ ለአምስት ሴት ሦስት ክፍል፣ ለስምንት ሌሊት ያስፈልገናል። ባዛሩ በመስቀል አደባባይ አካባቢ እንደሚሆን ነው የተነገረን፤ ቦሌ ሚሊኒየም አዳራሽ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰፈር እንፈልግ ነበር። ኡራኤል አካባቢ ያገኘነው ክፍል ሁሉም ተካቶ 1,600 ብር ነው፤ ጠቅላላው 38,400 ብር። ከተማው ዳር ላይ በ1,000 ብር የሚገኝ አለ፤ ጠቅላላው 24,000 ብር። ልዩነቱ 14,400 ብር ነው። የቁጠባ ኮሚቴያችን «ይህ ለአንድ አባል ብድር ይሆናል» ብሏል፤ ልክ ነው፣ ገንዘቡ ትንሽ አይደለም።

እኛ ግን የጎደለውን እንጨምርበት እንላለን። አምስት ሰው በአንድ ታክሲ አይጫንም፤ ማታ ማታ ሁለት መኪና ነው። በ700 ብር ሒሳብ ለስምንት ሌሊት 11,200 ብር። የጠዋት ሚኒባስ ለአምስቱ 2,000 ብር ያህል ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 13,200 ብር ናቸው። እንግዲህ ዳር ላይ ብናሳድራቸው እውነተኛው ትርፋችን 1,200 ብር ነው። ለአምስት ሴት፣ ለስምንት ሌሊት ስናካፍለው ለአንዷ በአንድ ሌሊት 30 ብር ይደርሳታል። በ30 ብር ከእንቅልፏ ሁለት ሰዓት፣ ከሽያጯ አንድ ሰዓት እንወስድባታለን። በዚህ ላይ ድምፅ እንድትሰጡበት እንጠይቃለን።

ክፍያው ከጸደቀ የምናደርገው ይህ ነው። መያዣ የምንከፍለው የአንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ቀሪው እዚያው በየሁለት ቀኑ ይከፈላል፣ ቤቱ ካልተስማማ ለቅቆ መውጣት እንዲቻል። የሚሄዱት አምስቱ መታወቂያቸውን እስከ ቅዳሜ ለቢሯችን ያሳዩ፤ ጊዜው ያለፈበት ካለ ለማሳደስ ጊዜ አለ፣ ፋይዳ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ። ከደብረ ብርሃን የሚነሱት ጠዋት ነው፤ መናኸሪያ የሚደርሱት ፀሐይ ሳለ መሆን አለበት። ላምበረት ሲወርዱ «ጥሩ አልጋ አለ» እያለ ሻንጣ የሚይዝ ደላላ ይከባቸዋል፤ «ይዘናል» ብለው ይለፉት። የሆቴሉ ስም፣ ስልክና የቅርቡ ምልክት በወረቀት ተጽፎ ለእያንዳንዷ ይሰጣል፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

ከአምስቱ አንዷ በ2015 በሦስተኛው ቀን የተመለሰችው እህታችን ናት። ስሟን ስናስመዘግብ የጠየቀችን ስለ መሸጫው ቦታ አልነበረም፤ ስለ በሩ ነበር። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ለሌላ ሥራ ስንሄድ ጎራ ብለን አየነው። ሦስቱም ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ሦስቱም በሮች ከውስጥ ይቆለፋሉ።